ምት ሲዘል የሚይዘው የትኛው ነው? የልብ ምት መመዝገቢያዎች ንጽጽር

ሌሊት ነው። በግራ ጎን ተኝታችኋል። ልባችሁ ድው፣ ድው ይላል፤ ከዚያ ዝም። ያቺ ዝምታ ረጅም አይደለችም፤ ግን «በቃ፣ አለቀልኝ» ታስብላለች። ወዲያው አንድ ከባድ ምት ደረትን ይደልቃል። እስከ ጉሮሮ ድረስ ይሰማል። ብድግ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። እጃችሁ ሳታስቡት ወደ አንገት ይሄዳል፤ የደም ሥሩን ይፈልጋል።

ሲነጋ ሐኪም ቤት ትሄዳላችሁ። ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚሥል ምርመራ፣ ትነሣላችሁ። «ደህና ነው» ይባላል። ማታ ያው ነገር ተመልሶ ይመጣል።

እኔም በዚህ ለወራት ተመላልሻለሁ። ሦስት ጊዜ ኢሲጂ ተነሥቼ ሦስቱም ጤነኛ ወጡ። መጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠርኩ፤ ቆይቼ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ኢሲጂው የቀዳው 10 ሰከንድ ያህል ነው። በዚያች 10 ሰከንድ ውስጥ ልቤ አልዘለለም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ዛሬ የልብ ምት መመዝገቢያው ዓይነት በዝቷል። በገመድ የሚታሠር አለ፤ ደረት ላይ የሚለጠፍ አለ፤ እጅ ላይ የሚታሠር ሰዓት አለ፤ ከቆዳ ሥር የሚቀበርም አለ። ሰው «የቱ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ እላለሁ። *የእናንተ ምት በየስንት ጊዜው ነው የሚዘለው?* የመሣሪያው ምርጫ ከዚህ መልስ ነው የሚወጣው። በየቀኑ ለሚመጣ ነገር ውድ መሣሪያ መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው። በሁለት ወር አንዴ ለሚመጣ ነገር ደግሞ የአንድ ቀን ምርመራ ማድረግ ዓሣ በሌለበት መረብ እንደ መጣል ነው።

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት

አንዳንድ ምልክት ንጽጽር አይጠብቅም። ልብ ሲዛባ ራስን ከሳታችሁ ወይም ልትወድቁ ከደረሳችሁ፣ ደረታችሁን ከጨመደዳችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ስፖርት እየሠራችሁ ወይም ደረጃ እየወጣችሁ ሳላችሁ የሚጀምር መዛባትም በቶሎ መታየት አለበት። ከቤተሰብ ውስጥ ገና በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ወይም ከዚህ በፊት የልብ ሕመም ከተገኘባችሁ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና መጀመሪያ የልብ ሐኪም አግኙ። ስማርት ሰዓት ገዝቶ ቤት መጠበቅ ለእናንተ አይሆንም።

«የዘለለው» ምት በእውነት ዘሎ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ምቱ አልቀረም፤ ቀድሞ መጥቷል። ልብ ውስጥ ምቱን የሚያስጀምር ዋና ቦታ አለ። አልፎ አልፎ ሌላ ቦታ ያለ የልብ ሕዋስ ተራውን ሳይጠብቅ ራሱ ይተኩሳል። ይህ ከላይኛው የልብ ክፍል ሊመጣ ይችላል፤ ከታችኛውም ሊመጣ ይችላል። ምቱ ቀድሞ ስለመጣ ልብ ገና በደም አልሞላም። ስለዚህ የሚረጨው ደም ጥቂት ነው፤ እጅ ላይ ላይሰማም ይችላል። ከዚያ ልብ ትንሽ ያርፋል። በዚያ ዕረፍት ከወትሮው የበለጠ ደም ይሞላል። የሚቀጥለው ምት ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ያ የሚያስደነግጠን ድልቅታ ልብ ሥራውን ሲቀጥል የሚሰማ ነው።

ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ገደማ ይመታል። ጤነኛ ሰዎችን ሙሉ ቀን ብትመዘግቧቸው ብዙዎቹ ላይ ጥቂት ቀድሞ የመጣ ምት ይገኛል። አብዛኞቹ አይሰማቸውም። እኛ ይሰማናል፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ግን ሁሉም መዛባት ይህ ነው ማለት አይቻልም። ድንገት መብራት እንደ በራ ጀምሮ፣ በደቂቃ 150 ወይም 180 ደርሶ፣ ድንገት የሚቆም ፈጣን ምት አለ። ወጥነት የሌለው፣ ዘፈኑ የጠፋበት ከበሮ የሚመስል ምትም አለ፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። ይኼኛው የስትሮክ አደጋን በአምስት እጥፍ ያህል ስለሚጨምር መታወቁ ሕይወት ያድናል። ከስሜት ብቻ ተነሥቶ አንዱን ከሌላው መለየት ይከብዳል። መዝግቦ መያዝ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ አራት መመዘኛ ይዤ ነው የማወዳድረው።

የመጀመሪያው የጊዜ ርዝመት ነው። መሣሪያው የሚቆይበት ጊዜ ምልክታችሁ ከሚመጣበት ልዩነት መብለጥ አለበት። በሳምንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ 24 ሰዓት አይበቃም።

ሁለተኛው የሚያየው ነገር ነው። አንዳንዱ የሚቆጥረው ብቻ ነው፤ «78» ይላችኋል። ሌላው የልብን ኤሌክትሪክ ይሥላል። ሐኪም የሚያስፈልገው ሥዕሉ ነው። ቁጥር ብቻውን የምትን ዓይነት አይናገርም።

ሦስተኛው ስሜትን ከምት ጋር ማገናኘቱ ነው። «አሁን ተሰማኝ» የምትሉበት ቅጽበትና መሣሪያው የሣለው መስመር ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። ይህ በጣም ትልቅ ነገር ነው። በተሰማችሁ ሰዓት ምቱ ልክ ሆኖ ከተገኘ እሱም መልስ ነው።

አራተኛው ወጪና ጣጣ ነው። ጣጣ ስል የቆዳ ማሳከኩን፣ ገላ መታጠብ መከልከሉንና በአእምሮ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ጨምሬ ነው።

ጣትና ማስታወሻ

ዋጋ የለውም፤ ግን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሁለት ጣት ከአውራ ጣት ሥር፣ የእጅ አንጓ ላይ ታሳርፋላችሁ። 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት ታባዛላችሁ። ዕረፍት ላይ ላለ አዋቂ ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱን አዳምጡ። በወጥ ምት መሀል አንዳንዴ ክፍተት ነው? ወጥ ሆኖ በጣም ፈጣን ነው? ወይስ ጭራሽ ሥርዓት የለውም? ከዚያ ጻፉ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ምን እየሠራችሁ እንደነበር፣ እንዴት እንደጀመረና እንዴት እንደቆመ።

በጣት ምርመራ አይጠናቀቅም። ቢሆንም የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዛችሁ ብትሄዱ ሐኪሙ የቀረውን መሣሪያ በትክክል ይመርጥላችኋል። እኔ ማስታወሻ ሳልይዝ ነበር የሄድኩት። «በየስንት ጊዜው ይመጣል?» ስባል «ሁልጊዜ» አልኩ። ሁልጊዜ አልነበረም፤ በኋላ ስጽፈው በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሆኖ አገኘሁት።

የጣት ኦክስጅን መለኪያና የደም ግፊት ማሽን

እነዚህን ከዝርዝሩ ባላስገባ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ብዙ ቤት ውስጥ አሉ፤ ብዙ ሰውም በነሱ ይደነግጣል። ሁለቱም የሚቆጥሩት እጅ ወይም ጣት ላይ የደረሰውን የደም ግፊት ሞገድ ነው። ቀድሞ የመጣው ምት ደካማ ስለሆነ ሊያመልጣቸው ይችላል። ከእያንዳንዱ ልክ ምት በኋላ አንድ ቀድሞ የመጣ ምት እየተከተለ ነው እንበል። ልብ በእውነት 84 ጊዜ እየመታ ማሽኑ 42 ሊላችሁ ይችላል። ሰው 42 ሲያይ ልቡ እየቆመ ይመስለዋል፤ ይርዳል፤ አድሬናሊኑ ይወጣል፤ መዛባቱ ይብሳል። የደም ግፊትን ለመለካት ይሁኑ። ምት መዝለልን ለማወቅ አትመኑባቸው።

የሐኪም ቤት ኢሲጂ

ደረት፣ እጅና እግር ላይ 10 ኤሌክትሮድ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚቀበል ተለጣፊ) ይለጠፋል፤ ልብ ከ12 አቅጣጫ ይታያል። በጥራት የሚወዳደረው የለም። ሰውየው ደህና በሆነበት ሰዓት ቢነሣ እንኳ ጠቃሚ ነገር ያወጣል። የድሮ የልብ ጉዳት፣ ከውልደት የመጣ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መንገድ፣ የልብ ጡንቻ መወፈር፣ የኤሌክትሪክ ዕረፍት ጊዜ መርዘም፤ እነዚህ ልብ ባይዘልም ወረቀቱ ላይ ምልክት ሊተዉ ይችላሉ። ስለዚህ ስማርት ሰዓት አለኝ ብላችሁ ይህን አትዝለሉት። ሁሉም ሰው ከዚህ ነው መጀመር ያለበት።

ድክመቱን ቀድሜ ተናግሬያለሁ፤ አጭር ነው። ከተቻላችሁ ግን አንድ ብልሃት አለ። ልብ እየተዛባ ሳለ በአቅራቢያ ያለ ጤና ተቋም ደርሳችሁ «አሁን እየተሰማኝ ነው፤ ኢሲጂ አንሡኝ» በሉ። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ መዛባት ይህ ከሁሉም ይቀድማል።

ሆልተር

ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር ነው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘል ሲሆን 38 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። የዛሬው ኪስ ውስጥ ይገባል። ደረት ላይ ጥቂት ኤሌክትሮድ ተለጥፎ ገመዱ ወገብ ላይ ካለች ትንሽ ሣጥን ጋር ይገናኛል። 24 ወይም 48 ሰዓት ያለማቋረጥ ይቀዳል። አንዳንድ ቦታ ለሳምንት የሚያቆዩትም አለ።

ለማን? ምቱ በየቀኑ ወይም ቢያንስ በየሁለት ቀኑ ለሚዘልበት ሰው። እዚያ ላይ ድንቅ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በስማርት ሰዓትና በእጅ መዝጋቢ የማይገኝ ይሰጣል፤ ቆጠራ። በቀን ስንት ቀድሞ የመጣ ምት እንዳለና ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ሪፖርቱ ይነግራችኋል። ከታችኛው የልብ ክፍል የሚመጡት ከጠቅላላው ምት 10 በመቶ እና ከዚያ በላይ ሲደርሱ ሐኪሞች የልብ ጡንቻው እንዳይደክም በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ይከታተላሉ። 10 በመቶ ማለት በቀን 10,000 ገደማ ነው። 200 ወይም 500 ተቆጥሮባችሁ የምትሸበሩ ሰዎች ይህን ልብ በሉ።

እኔ 48 ሰዓት አስሬው ነበር። ሣጥኑ ላይ የምትጫን አንዲት ቁልፍ አለች፤ ምት ሲዘል ትጫናላችሁ። 14 ጊዜ ተጫንኩ። ሐኪሟ ሪፖርቱን ወደ እኔ አዙራ በእስክሪብቶ አንድ በአንድ አሳየችኝ። በ12ቱ ላይ አንድ ሰፊ መስመር ቀድሞ ገብቷል፤ ከኋላው ባዶ ቦታ፤ ከዚያ የተለመደው መስመር ይቀጥላል። ያ ባዶ ቦታ ነው ሌሊት የሚያስነሳኝ። በሁለቱ ላይ ግን ምንም አልነበረም፤ ልቤ ልክ እየመታ ሳለ ነው የተጫንኩት። ፍርሃቴም የራሱ ድርሻ እንደነበረው ያወቅኩት ያኔ ነው። ከማንኛውም «አይዞህ» ያ ወረቀት አረጋጋኝ።

ጣጣው? በታሠረበት ጊዜ ገላ መታጠብ አይቻልም። ማጣበቂያው ያሳክካል። ጸጉር ያለበት ደረት መላጨት አለበት፤ ካልሆነ ኤሌክትሮዱ ይላቀቃል። ደግሞ ብዙ ሰው ሆልተር ሲያደርግ አልጋ ላይ ይውላል። ይህ ስሕተት ነው። የዘወትር ሥራችሁን ሥሩ፤ ደረጃም ውጡ።

ተለጣፊው ፓች

ገመድ የለውም። ግራ ደረት ላይ እንደ ትልቅ ፕላስተር ይለጠፋል፤ እስከ 14 ቀን ይቆያል፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ሻወር ይችላሉ። ታሪኩን የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። 146 ሰዎች ሆልተርና ፓች በአንድ ላይ አደረጉ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ሆልተሩ በልጦ ተገኘ፤ 61 ለ52። ግን ፓቹ ደረት ላይ ቀረና በአጠቃላይ 96 መዛባት ያዘ። ሆልተሩ በ61 ቆመ። የጊዜ ርዝመት ምን ያህል እንደሚያሸንፍ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በሳምንት አንዴ ለሚመጣ መዛባት እኔ ምርጫዬ ይህ ነው። ቆጠራም ይሰጣል። ድክመቱ ሁለት ነው። ቆዳው ስስ የሆነ ሰው ያቃጥለዋል። ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ውጤቱ የሚታወቀው ተነቅሎ ከተላከ በኋላ ስለሆነ አስቸኳይ ነገር ላለበት አይሆንም። በየቦታው ስለማይገኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በእጅ የሚያዝ መዝጋቢ

መጠኑ ትንሽ ነው፤ ሁለት የብረት ቦታ አለው። ሲሰማችሁ ከሁለቱም እጅ ጣት ታሳርፉበታላችሁ። 30 ሰከንድ ኢሲጂ ስልካችሁ ላይ ይሥላል። ስሜትን ከምት ጋር ማገናኘት በሚለው መመዘኛ ከሁሉም አንደኛ የማደርገው ይህን ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ጥናት በጣም ያስደስተኛል። ልባቸው ተዛብቶ ወይም ራሳቸውን ሊስቱ ደርሰው ድንገተኛ ክፍል የመጡ 240 ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ የተለመደው ክትትል ብቻ ተደረገላቸው። ግማሾቹ እንዲህ ያለ መዝጋቢ ተጨመረላቸው። በ90 ቀን ውስጥ ስሜቱ ሲመጣ ምቱ የተያዘላቸው መዝጋቢ ከያዙት 55.6 በመቶ ሲሆኑ ካልያዙት 9.5 በመቶ ብቻ ናቸው።

ግን አንድ ነገር መረዳት አለባችሁ። አውጥታችሁ እስክትይዙት ድረስ ያለፈ ነገር አልፏል። አንዴ ዘሎ ለሚጠፋ ምት አይደርስም፤ ተከታትለው ለሚመጡ ወይም ደቂቃ ለሚቆይ ግን በጣም ጥሩ ነው። ራስን ለሚስት ሰው ደግሞ አይሆንም፤ የወደቀ ሰው ጣቱን አያሳርፍም። እየተኛችሁ ከሆነ ትራስጌ፣ ስትወጡ ኪስ ውስጥ ይሁን። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መዝጋቢ ምንም አይመዘግብም።

ስማርት ሰዓት

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለዚህ ስለሆነ ረዘም አደርጋለሁ።

ሰዓት ሁለት የተለያየ ነገር ይሠራል፤ ሰው ያደባልቃቸዋል። አንደኛው ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ብርሃን ነው። ቆዳ ውስጥ የደሙን ሞገድ እያየ ይቆጥራል። እንደ ጣት ኦክስጅን መለኪያው ነው፤ ደካማውን ምት ሊስት ይችላል፤ እጅ ሲንቀሳቀስም ይሳሳታል። ሁለተኛው ኢሲጂ ነው። ይህ ሁሉም ሰዓት ላይ የለም። ከሌላኛው እጅ ጣት ሰዓቱን ስትነኩ 30 ሰከንድ በአንድ አቅጣጫ የልብን ኤሌክትሪክ ይሥላል። ለምት መዝለል ሰዓት የምትገዙ ከሆነ ኢሲጂ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ካልሆነ የምትገዙት የእርምጃ ቆጣሪ ነው።

ሰዓቱ ራሱ የሚሰጠው ፍርድ ጠባብ ነው። በዋናነት የተሠራው ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን ለመፈለግ ነው። ቀድሞ የመጡ ምቶችን አብዛኞቹ በስማቸው አይጠሩም። «ምቱ ልክ ነው» ብሎም መስመሩ ላይ ሁለት ቀድሞ የመጣ ምት ሊኖር ይችላል። ወይም «መለየት አልተቻለም» ይላል፤ ያኔ ሰው ይሸበራል። «መለየት አልተቻለም» ማለት አደጋ አለ ማለት አይደለም። እጅ ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል፤ ምቱ በጣም ፈጥኖ ሊሆን ይችላል። ጠቃሚው ነገር ፍርዱ ሳይሆን መስመሩ ነው። ፋይሉን አስቀምጡና ለሐኪም አሳዩ። እነዚህ ሰዓቶች ልብ ድካምንና የልብ ደም ሥር መዘጋትን እንደማይለዩም አትርሱ። ደረት እየጨመደደ «ሰዓቴ ደህና ነህ ብሎኛል» ማለት ሰው ሊገድል ይችላል።

ሳይነካ ከበስተጀርባ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያስ? በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው የአፕል ሰዓት ጥናት 419,297 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። «ምታችሁ ወጥነት የለውም» የሚል ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ናቸው። ማለትም ሰዓቱ ዝም ስላለ ምት አልዘለለም ማለት አይደለም፤ ሰዓቱ አልፎ አልፎ ለሚዘል ምት አይጮህም።

የአእምሮው ጫና ደግሞ ከባድ ነው። በቀን 30 ጊዜ ኢሲጂ የሚያነሳ ሰው አውቃለሁ። እያንዳንዱ ንባብ ለአምስት ደቂቃ ያሳርፈዋል፤ ከዚያ ሌላ ይፈልጋል። እንዲህ የሆናችሁ እንደሆነ ሰዓት ለእናንተ አይደለም፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ያለ ስሜት አለመለካት፣ ሲሰማ ብቻ መለካት፣ ይህን ሕግ መጠበቅ የሚችል ሰው ይግዛ።

ከቆዳ ሥር የሚቀበር

ሉፕ ሪከርደር ይባላል። ከትንሽ የሪሞት ባትሪ ያነሰ ነው። በማደንዘዣ መርፌ፣ ሳይተኙ፣ በጥቂት ደቂቃ ግራ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ይገባል። 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ይመዘግባል። በወር አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ለሚመጣ፣ በሌላ መንገድ አልያዝ ላለ፣ በተለይ ራስን ለሚያስት መዛባት ነው የተሠራው። በ2007 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ሐኪሞች ምክንያቱ ያልታወቀና አልፎ አልፎ የሚመጣ መዛባት ያላቸውን 50 ሰዎች ለሁለት ከፍለው አወዳደሩ። በተቀበረላቸው ላይ 73 በመቶ ምክንያቱ ታወቀ፤ በተለመደው መንገድ በተመረመሩት 21 በመቶ።

ውድ ነው፤ ጠባሳ አለው፤ አልፎ አልፎ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። በየቀኑ አንድ ሁለት ምት ለሚዘልበት ሰው አያስፈልግም።

በአንድ ዐይን

| አማራጭ | የሚሸፍነው ጊዜ | ኤሌክትሪኩን ይሥላል? | የሚስማማው | ዋና ድክመት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጣትና ማስታወሻ | የፈለጋችሁትን ያህል | አይሥልም | ለሁሉም | የምቱን ዓይነት አይለይም | የለውም |
| ኦክስጅንና ግፊት መለኪያ | በለካችሁበት ደቂቃ | አይሥልም | ለምት መዝለል አይሆንም | ደካማ ምት ይስታል | ዝቅተኛ |
| ኢሲጂ በ12 አቅጣጫ | 10 ሰከንድ ገደማ | አዎ፣ ከሁሉ የተሟላ | ለሁሉም መነሻ | አጭር | ዝቅተኛ |
| ሆልተር | 24–48 ሰዓት | አዎ፣ ቆጠራም አለው | በየቀኑ ለሚመጣ | ገመድ፣ ሻወር የለም | መካከለኛ |
| ፓች | እስከ 14 ቀን | አዎ፣ ቆጠራም አለው | በሳምንት ለሚመጣ | የቆዳ ማሳከክ፣ ውጤቱ ይዘገያል | መካከለኛ ወደ ከፍተኛ |
| የእጅ መዝጋቢ | በየጊዜው 30 ሰከንድ፣ ለዓመታት | አዎ፣ በጥቂት አቅጣጫ | ደቂቃ ለሚቆይ፣ ለማይደጋገም | ለቅጽበታዊ አይደርስም | አንዴ የሚከፈል፣ መጠነኛ |
| ኢሲጂ ያለው ሰዓት | በየጊዜው 30 ሰከንድ፣ ለዓመታት | አዎ፣ በአንድ አቅጣጫ | እንደ እጅ መዝጋቢ | ፍርዱ ጠባብ፣ ጭንቀት ያባብሳል | አንዴ የሚከፈል፣ ከፍ ያለ |
| የሚቀበር | 3 ዓመትና በላይ | አዎ | በወራት አንዴ፣ ራስን ለሚያስት | ትንሽ ቀዶ ሕክምና | ከፍተኛ |

እናንተ የትኛው ናችሁ?

በየቀኑ የሚዘልባችሁ ከሆነ ኢሲጂ ከዚያ ሆልተር። ሌላ ነገር አትግዙ። ገንዘብ ከተረፈ ለኤኮና ለደም ምርመራ ይሁን። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ መብዛት፣ የፖታሲየምና የማግኒዚየም መጉደል ልብን ያዛባሉ፤ ሲታከሙም መዛባቱ ሊቀንስ ይችላል። እንቅልፍ ማጣት፣ ብዙ ካፌይን፣ አልኮልና አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒትም አሉበት። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪም ንገሩ።

በሳምንት አንዴ ከሆነ ፓች። ፓች ከሌለ ወይም ዋጋው ከከበደ የእጅ መዝጋቢ።

በወር አንዴ መጥቶ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ የሚቆይ ከሆነ የእጅ መዝጋቢ ወይም ኢሲጂ ያለው ሰዓት። ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። ሰዓት በልዩ ምክንያት የማትፈልጉ ከሆነ የእጅ መዝጋቢው ይረክሳል፤ እያየ የሚያስጨንቅ ስክሪንም የለውም።

ራሳችሁን ስታችሁ ከሆነ ምርጫው የእናንተ አይደለም፤ ለልብ ሐኪም ስጡት።

ገንዘብ የሌለው ሰውስ? ጣት፣ ማስታወሻና አንድ ጊዜ የሚነሣ ኢሲጂ። መዛባቱ ረዘም የሚል ከሆነ ደግሞ ያን ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሮጥ። እንዲሁ ቀላል የሚመስል መንገድ ብዙ ሰው መልስ አግኝቶበታል።

«የጭንቀት ነው» የተባላችሁ ሰዎች ለብቻችሁ አንድ ቃል አለኝ። ሊሆን ይችላል፤ ጭንቀት ልብን በእውነት ያፈጥናል፤ ይህ ማስመሰል አይደለም። ግን ልባችሁ ድንገት ጀምሮ ድንገት የሚቆም ከሆነ መዝገብ ሳይኖር ያን ቃል አትቀበሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከልብ ላይኛ ክፍል የሚነሣ ድንገተኛ ፈጣን ምት ያለባቸውን 107 ሰዎች መለስ ብሎ አየ። 67 በመቶ የሚሆኑት የድንጋጤ ሕመም (ድንገተኛ ፍርሃት የሚያመጣ የጭንቀት ዓይነት) መመዘኛን ያሟሉ ነበር። ሕመሙ ግን ልባቸው ላይ ነበር፤ የሚታከምም ነበር። በትሕትና፣ ግን ሳታፈገፍጉ፣ «እየተሰማኝ ሳለ የተመዘገበ ኢሲጂ አለኝ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «የለም» ከሆነ ምርመራው ገና አላለቀም።

ቀጠሮ ስትሄዱ ከ40 ፋይል ሦስት ወይም አራት ምረጡ። ስሜቱ ከሁሉ የጠነከረበትን፣ መስመሩ ከሁሉ የጠራበትን። በየአንዳንዱ ላይ ሰዓቱንና የተሰማችሁን በአንድ መስመር ጻፉ፤ «ሌሊት፣ ተኝቼ፣ ሁለቴ ዘለለ፣ ጉሮሮዬ ድረስ»። ሐኪሙ ያን አንብቦ መስመሩን ሲያይ ምን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል። አትሞ መሄድ ደግሞ ከስልክ ስክሪን ይሻላል፤ በእስክሪብቶ ማሳየት ይቻላል።